ውጩ ለካሜራ፣ ውስጡ ለቄስ

አማርኛችን ቤትን እንደ ሰው ነው የሚያየው። መግቢያው ደጃፍ ነው፤ የደጅ አፍ። ወደ መንገድ የዞረው ወገኑ ፊት፣ ወደ ጓሮ የዞረው ጀርባ ይባላል። ሰው ሲበዛበት ቤቱ ሞቀ፣ ሰው ሲርቀው ቤቱ ቀዘቀዘ እንላለን፤ ወራሽ ሲያጣ ደግሞ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ እንኳ ቢሆን፣ ቤቱ ተዘጋ እንላለን። እንግዲህ ቤት ፊትና አፍ ካለው፣ ከሞቀና ከቀዘቀዘ፣ ፊት ለፊቱ ቆሞ ፎቶግራፍ የሚያነሳ ሰው የሰውን ፊት ከሚያነሳው በምን ይለያል? ይህን ጥያቄ የማነሳው ለጨዋታ ያህል አይደለም፤ እንጀራዬ ስለሆነ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸጡ ቤቶችን ከውጭ በኩል ፎቶግራፍ አነሳለሁ። ባለቤቶችና ደላሎች ምስሉን በቴሌግራም ይለቁታል፤ ገዢም አይቶ ይመጣል፣ ወይም አይቶ ይቀራል።

ሥራዬን የነገርኳቸው ሰዎች አብዛኞቹ ፈገግ ብለው፣ «ውስጡን ለቄስ ማለት ነዋ!» ይሉኛል። አልፈርድባቸውም። ሕዝባችን ላዩ ባማረ ነገር ላይ የቆየ ጥርጣሬ አለው። «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» ብሎ የተረተ ሕዝብ፣ አምሮ የተነሳ የቤት ፊት ሲያይ «ከጀርባው ምን አለ?» ብሎ ቢጠይቅ እውነቱን ነው። ጥያቄው እኔንም እንቅልፍ የሚነሳኝ ጊዜ አለ። ሊሸጥ የተዘጋጀን ቤት አሳምሮ ማንሳት ማታለል ነውን? ማሳመር የሚያበቃው የት ላይ ነው? መዋሸትስ የሚጀምረው?

መልሱን ከመፈለጋችን በፊት ወደ ፎቶግራፍ መነሻ ጥቂት እንመለስ። ዛሬ በእጃችን ከሚገኙት በካሜራ የተነሱ ፎቶግራፎች ሁሉ እጅግ ጥንታዊው የያዘው የሰው ፊት አይደለም፤ የቤቶችን ውጫዊ ገጽታ ነው። ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒየፕስ እ.ኤ.አ. በ1826 ወይም በ1827፣ ሴን ሉ ደ ቫሬን በተባለች መንደር ከነበረው ቤቱ የላይኛው መስኮት ሆኖ፣ ከፊቱ የሚታዩትን ጣራዎችና ግድግዳዎች በአንድ የብረት ሰሌዳ ላይ አሳረፈ። ምስሉ እስኪቀረጽ ድረስ ቢያንስ ስምንት ሰዓት ያህል እንደፈጀ ይገመታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ፀሐይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለተሻገረች፣ በምስሉ ላይ የሚተያዩት ግድግዳዎች ሁለቱም በርተው ይታያሉ። ማንም ዓይን በአንድ ቅጽበት ያላየው ብርሃን ነው። ቢሆንም ውሸት ልንለው አንችልም፤ የጠዋቱ ግድግዳ ጠዋት በርቷል፣ የማታውም ማታ በርቷል። ፎቶግራፍ ገና ከልደቱ ጀምሮ ስለ ቤት የሚነግረን የብርሃንንና የሰዓትን ነገር ነው።

ሙያውም ያረፈው እዚሁ ላይ ነው። ቤትን የሚያሳምረው ካሜራው ሳይሆን ሰዓቱ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በዘጠኝ ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ የእኩለ ቀን ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማገባደጃ ገደማ፣ ቀጥ ብላ ከአናታችን ላይ ትቆማለች። በእነዚያ ቀናት ስድስት ሰዓት ላይ ቤት የሚያነሳ ሰው የሚያገኘው፣ የጣራው ክፈፍ ጥላ የጣለበት፣ መስኮቶቹ እንደ ታማሚ ዓይን የጎደጎዱ ፊት ነው። በቀረው ዘመን ፀሐይ ታዳላለች። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መግቢያ የእኩለ ቀን ፀሐይ በስተ ደቡብ ስለሆነች፣ ወደ ደቡብ የዞረ ቤት በጋውን ሙሉ ፊቱ በርቶ ይውላል። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ግን ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ወደ ሰሜን የዞረ ቤት ተራው የሚደርሰው ያን ጊዜ ነው፤ የሚያሳዝነው ግን ወቅቱ በአብዛኛው ክረምት መሆኑ ነው። ለዚያ ቤት ፀሐይ ስትመጣለት ደመናው አብሯት ይመጣል።

በሐምሌ ዝናብ፣ ጃንጥላዬን በካሜራው ላይ ዘርግቼ፣ ከሰሜን ዞር ቤቶች ፊት ለፊት ስንት ጊዜ እንደቆምኩ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ደመናው ለአምስት ደቂቃ ቢከፈት ይበቃኛል። ሲከፈት የታጠበ ግድግዳ፣ የታጠበ ቅጠል፣ አቧራ የሌለበት አየር በአንድነት ይገለጣሉ። እንዲህ ያለውን ብርሃን የካቲት አይሰጥም። በዓመቱ ውስጥ ከሁሉ የምወደው ጊዜ ግን ዝናቡ ካበቃ በኋላ ያሉትን የመስከረም መጨረሻና የጥቅምት ቀናት ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ፣ ሣሩ ገና ሳይደርቅ፣ አቧራው ገና ሳይነሳ። ቤት የሚሸጥ ወዳጅ ያለው ሰው «መቼ ላስነሳው?» ብሎ ቢጠይቀኝ ያለማመንታት የምመልሰው ይህንኑ ነው።

ስለ ሰዓትም ካነሳን፣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ የሆነ ቤት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት፣ ወደ ምዕራብ የሆነ ደግሞ ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ያምራል። ብርሃኑ ቀጥታ ከፊት ለፊት ሲመጣ ግድግዳውን ወረቀት ያስመስለዋል። ጥቂት ከጎን ሲያርፍበት ግን የጥርብ ድንጋዩን ሻካራነት፣ የበረንዳውን ጥልቀት፣ የመስኮቱን ክፈፍ አንድ በአንድ ያወጣቸዋል። በመሸ ጊዜ ሰማዩ ወደ ሰማያዊነት ሲያደላ፣ የቤቱ መብራቶችም በርተው ሲታዩ የሚነሳው ምስል ደግሞ ገዢን ይጠራል። በሰሜን አውሮፓ የበጋ ምሽት ፎቶ አንሺው ለዚህ ብርሃን ረጅም ጊዜ አለው። እኛ ጋ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትጠልቅ ከጠለቀች በኋላ ያለው አመሻሽ ከሃያ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። መሣሪያውን ተክሎ፣ መብራቱን አስበርቶ፣ አምፖሉን ቆጥሮ ቀድሞ መጠበቅ ያስፈልጋል። በዚያች ሃያ ደቂቃ ውስጥ የሠፈሩ መብራት ሲጠፋስ? ባለቤቱም እኔም ተያይተን እንስቃለን፤ ነገ ደግሞ እንመለሳለን።

ኮምፓስም አለኝ፤ ፀሐይ በስንት ሰዓት በየት በኩል እንደምትመጣ የሚናገር ፕሮግራምም በስልኬ ላይ አለ። ይሁን እንጂ ከሁለቱ አስቀድሜ የምጠይቀው ባለቤቷን ነው። በርበሬ ያሰጣች ሴት የቤቷን ፀሐይ ታውቃለች። ሰሌኑን ጠዋት ከየት አንጥፋ፣ ከሰዓት በኋላ ወዴት እንደምትጎትተው፣ የጎረቤት ፎቅ ጥላ በስንት ሰዓት ግቢዋ ውስጥ እንደሚገባ ከእጇ መዳፍ ይልቅ ታውቀዋለች። «እማማ፣ ፀሐይዋ በረንዳው ላይ በስንት ሰዓት ትደርሳለች?» ብዬ ጠይቄ ያልተመለሰልኝ ጊዜ የለም።

የአዲስ አበባ ቤት ሌላም ጠባይ አለው፤ ዓይን አፋር ነው። በብዙ አገር ለሽያጭ የሚነሳ ቤት ከመንገድ ማዶ ቆመው የሚያዩት፣ ከፊቱ ሣር ብቻ ያለው ነው። የእኛው ግን በአጥር ታጥሮ፣ በብረት በር ተዘግቶ፣ አጥሩም ላይ የጠርሙስ ስባሪ ወይም እሾሃማ ሽቦ ተደርድሮበት ይኖራል። ከመንገድ ሆኖ ካሜራውን የደገነ ሰው የሚያነሳው ግድግዳ፣ የበር ቀለምና የጣራ ጫፍ ነው። ወደ ግቢ ሲገቡ ደግሞ ቦታው ይጠባል፤ ወደ ኋላ ለመራቅ ሲሞክሩ ጀርባዎ ከአጥሩ ጋር ይጋጫል። ካሜራውን ወደ ላይ ባቀኑ ቁጥር የግድግዳው ቋሚ መስመሮች ወደ ውስጥ እየተጠጋጉ ቤቱ ወደ ኋላ ሊወድቅ የደረሰ ይመስላል። ለዚህ ችግር ተብሎ የተሠራ፣ ካሜራው ሳያዘነብል ሌንሱ ብቻ ወደ ላይ የሚንሸራተትበት ዘዴ አለ፤ ኒኮን ለትንንሽ ካሜራዎች እንዲህ ያለውን ሌንስ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዋጋው ግን የሚቀመስ አይደለም። እኔ የምጠቀመው መሰላል ነው። ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ብለው ካሜራውን ቀጥ አድርገው ከያዙ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንዳንዴም የጎረቤትን ደጅ አንኳኩቼ፣ ከፎቃቸው በረንዳ ላይ እንድቆም እለምናለሁ። ድሮን ያለ ፈቃድ ስለማይበር፣ የሰማይ ዓይኔ የጎረቤት ቸርነት ነው።

ማታለሉ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከዚህ ከጠበበ ቦታ ነው። ዛሬ በየኪሳችን ያሉት ስልኮች እጅግ ሰፊ የሆነ ሌንስ አላቸው። ከአጥሩ ጥግ ተጠግተው በዚያ ሌንስ ሲያነሱ፣ ከፊት ያለው የንጣፍ ድንጋይ ይንጣለላል፤ የበሩና የቤቱ ርቀት በእጥፍ ይጨምራል፤ አንድ መኪና የማይዞርበት ግቢ የኳስ ሜዳ ይሆናል። በምስሉ ላይ ምንም አልተጨመረም፣ ምንም አልተቀነሰም። ሆኖም ሰው ቆሞ የሚያየው አይደለም። ይህን ምስል የሚያየው ሁሉ ነገ መጥቶ ግቢውን በእግሩ የሚለካ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ አንድ የታክሲ ሒሳብ ነበር። ነገር ግን ከሚያዩት መካከል በዋሽንግተን የሌሊት ታክሲ የሚነዳ አለ፤ በቤሩት ወይም በዱባይ የሰው ቤት እያጸዳች ለእናቷ ቤት የምታጠራቅም አለች። እነርሱ መጥተው አይለኩም። በእኔ ፎቶግራፍና በዘመድ ቃል ተማምነው የዓመታት ላባቸውን ይልካሉ። ስለዚህ ግቢውን ለማሳየት ሰፊው ሌንስ የግድ ሲሆንብኝ፣ የሰው ቁመት የሚያስገምት አንድ ነገር፣ ወንበር ወይም የቆመ መኪና፣ ከምስሉ ውስጥ እንዲኖር አደርጋለሁ። ዓይን መለኪያ ካገኘ በቀላሉ አይታለልም።

በሙያው ታላላቅ ከሚባሉት መካከል አሜሪካዊው ጁሊየስ ሹልማን አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ከሎስ አንጀለስ ከተማ በላይ፣ ከገደል አፋፍ ላይ፣ ፒየር ኬኒግ የተባለው አርክቴክት የነደፈውን ባለ መስታወት ቤት በምሽት አነሳው። ሁለት ሴቶች በመስታወቱ ክፍል ተቀምጠው ይጫወታሉ፤ ከሥራቸው የከተማው መብራት እንደ ከዋክብት ተዘርግቷል። ሹልማን የከተማውን መብራት ለማስገባት ካሜራውን ለደቂቃዎች ከፍቶ አቆየው፤ ሴቶቹን ደግሞ በመጨረሻ በአንድ የብልጭታ ብርሃን ያዛቸው። እንደ ኒየፕስ ሁሉ፣ ሁለት ጊዜያት በአንድ ምስል። ይኸው ሰው ገና ዛፍ ያልበቀለበትን አዲስ ቤት ሲያነሳ ቅርንጫፍ ቆርጦ ከሌንሱ ጥግ በኩል በማስያዝም ይታወቃል፤ በምስሉ ላይ ቤቱ ዛፍ ጥላ ሥር ያለ ይመስላል። ይህን ያነበብኩ ቀን ብዙ አሰብኩ። ቅርንጫፉ ጌጥ ነውን? ወይስ የሌለን ዛፍ መሸጥ ነው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠኝ የገዛ ቋንቋዬ ነው። በአማርኛ «ማንሳት» ሁለት ነገር ነው። ዕቃን ከቦታው ማንሳት አለ፤ ፎቶግራፍ ማንሳት አለ። አንዱ ከዓይን ያርቃል፣ ሌላው ለዓይን ያቆያል። ከዚህ ተነስቼ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ፤ የሚነሳው ይነሳል፣ የማይነሳው ፎቶ ይነሳል። ቢጫው ጀሪካን ይነሳል። የተሰጣው ልብስ፣ የተሰበረው የፕላስቲክ ወንበር፣ ከበሩ ፊት የቆመው መኪና ይነሳሉ። ቅጠሉ ይጠረጋል፣ በሩ ይወለወላል፣ መጋረጃው ይስተካከላል፣ አበባው ውኃ ይጠጣል። ይህ ሁሉ እንግዳ ሲመጣ ማንም ባለቤት የሚያደርገው ነው፤ ሠርግ የምትሄድ ሴት ጸጉሯን ብትሠራ ዋሸች አይባልም። የመብራት ምሰሶው ግን አይነሳም። በጣራው አናት የሚያልፈው ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር፣ አጥሩን ተደግፎ የቆመው የጎረቤት ፎቅ፣ የዛገው አሸንዳ፣ ዝናብ ሲጥል ደጃፉን የሚያጥለቀልቀው ቦይ አይነሱም። ገዢው ቁልፍ በተቀበለ ማግሥት ከእነርሱ ጋር ነውና የሚነቃው።

ዛሬ ይህ ሕግ ይበልጥ ይፈተናል። ዳመናማውን ሰማይ ሰማያዊ ማድረግ፣ የደረቀውን ሣር ማለምለም፣ ምሰሶውን ከነሽቦው ማጥፋት በስልክ ላይ የአንድ ጣት ሥራ ሆኗል። ነገሩ ያሳሰባቸውም እኛ ብቻ አይደለንም። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2025 ያጸደቀችውና ከ2026 መግቢያ ጀምሮ የጸናው ሕግ፣ በቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ላይ የወጣ ምስል በኮምፒውተር የተለወጠ እንደሆነ መለወጡ እንዲነገርና ያልተለወጠውም ምስል ለተመልካቹ እንዲቀርብ ያዝዛል። ከሹልማን ቤቶች አገር የመጣ ሕግ መሆኑ ያስገርማል።

አሁን ወደ አንድ ቤት ልውሰዳችሁ። ጉለሌ ውስጥ ነው። መሠረቱ ድንጋይ፣ ግድግዳው በኖራ የተለሰነ ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ፣ በረንዳው በተጠረበ እንጨት የተዋበ። ባለቤቷ አረጋዊት እናት ነበሩ፤ ልጆቻቸው በውጭ አገር ሆነው፣ «ደረጃ የሌለው፣ ቁጥቋጦ የማይነቀልበት ቤት ይሻላቸዋል» ብለው ተማክረው እንዲሸጥ ወስነዋል። ወሩ ጥቅምት ነበር። ስደርስ ግቢው ውስጥ በርበሬ ተሰጥቷል። ብርሃኑን ለመሞከር ያህል፣ ምንም ሳልነካ፣ አንድ ምስል አነሳሁ። ከዚያ ሰሌኑን አጥፈን፣ ጀሪካኖቹን ወደ ጓሮ ወስደን፣ በረንዳውን ጠርገን ሥራውን ጀመርን። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ብርሃኑ ከጎን ገብቶ የበረንዳውን እንጨት አንድ በአንድ ሲፈለቅቀው፣ ቤቱ የሃምሳ ዓመት ዕድሜ የቀነሰ መሰለ።

ሆኖም ከቀኙ መስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ እስከ ጣራው የሚወጣ ስንጥቅ ነበረ፤ ጣት የሚያስገባ። ምስሉን በስልኩ ያየው ደላላ ወዲያው፣ «ወንድሜ፣ ይቺን ስንጥቅ በኮምፒውተር አጥፋልኝ» አለኝ። እንደማላጠፋት ነገርኩት። እርሱም የዋዛ ሰው አልነበረም። «ማን ያያትና ነው? ገዢው ቤቱን ሊኖርበት መሰለህ? አፍርሶ ፎቅ ሊሠራ ነው። የሚፈልገው ካሬውን ነው። ለሚፈርስ ቤት ስንጥቅ ምኑ ነው?»

እውነት ለመናገር ክርክሩ ከባድ ነበር። በአገራችን ሕግ መሬት አይሸጥም። የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ፣ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑ ከተደነገገ ወዲህ፣ በውሉ ላይ የሚሸጠው በቦታው ላይ ያረፈው ቤት ነው። በገዢው ልብ ውስጥ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው፤ የሚፈለገው ቦታው ሆኖ ቤቱ እንደ ትርፍ ነገር ይቆጠራል። እኔ የማነሳው፣ ማንም የማይፈልገውን ግን በወረቀት ላይ የሚሸጠውን ነገር ነው ማለት ነው። ታዲያ ደላላው ምን አጠፋ?

ሁለት ነገር ግን አሰብኩ። አንደኛው፣ ፎቶግራፍ ገዢ አይመርጥም። አሥር ሊያፈርሱ የሚፈልጉ ሰዎች ባዩት ምስል መካከል፣ በዚያ በረንዳ ላይ ልጆቹን ሊያሳድግ የተመኘ አንድ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ስንጥቁ የሚያስፈልገው ለእርሱ ነው። ሁለተኛው ግን ይበልጥ ከበደኝ። ቤቱ በእርግጥ የሚፈርስ ከሆነ፣ ያ ጠዋት ያነሳሁት ምስል የመጨረሻው ነው። ከእንግዲህ ሌላ ሰው መሰላል ይዞ ከዚያ ቦታ አይቆምም። ለሽያጭ ብለው ያስነሱት ምስል ሳያስቡት የመሰናበቻ ምስል ይሆናል። የሟችን ፊት ደግሞ ማንም ሌላ ፊት አስመስሎ አይገንዝም።

ይህን ሁሉ አፍ አውጥቼ አልተናገርኩም። ቀድመውኝ የተናገሩት ባለቤቷ ነበሩ። «ልጄ፣ ተዋት» አሉኝ። ወደ ደላላው ዞረው ደግሞ፣ «ብታጠፋት ሰውየው መጥቶ ሲያያት ውሸታም የሚለው እኔን ነው፤ አንተን የት ያውቅህና! እኔ በዚህ ሠፈር ስሜን ይዤ ነው የምወጣው» አሉት። በዚህ ተዘጋ። ምስሉ ከነስንጥቁ ወጣ። ያ ደላላ ከዚያን ቀን ወዲህ ለሥራ ጠርቶኝ አያውቅም፤ እኔም አልቀየምኩትም።

ቤቱ ተሸጠ። ከወራት በኋላ በዚያ ሳልፍ በአዲስ ቆርቆሮ ታጥሮ፣ ከውስጡ የማሽን ድምፅ ይሰማ ነበር። እኒያ እናት ከልጃቸው ጋር ወደ ኮንዶሚኒየም ገብተው ስለነበር፣ ቃል የገባሁላቸውን ምስል አሳትሜ ወሰድኩላቸው። እንዲመርጡም ሁሉንም አሳየኋቸው። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የተነሳውን፣ የኮራሁበትን፣ አዩና «ያምራል» ብለው ወደ ጎን አኖሩት። የመረጡት ለሙከራ ያነሳሁትን ነው፤ በርበሬው እንደተሰጣ፣ ጀሪካኖቹ እንደተደረደሩ፣ የፕላስቲኩ ወንበር እንደተንጋደደ። «ያ የተሸጠው ነው፤ ቤቴ ግን ይኼ ነው» አሉኝ።

ካሜራ ይዞ በአንድ ሰው ቤት ፊት መቆም ዛሬ በከተማችን ቀላል ነገር አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢዋ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በካዛንቺስ፣ ከኮሪደር ልማቱ ጋር በተያያዘ ብዙ የቆዩ ቤቶች ፈርሰዋል። ከዚያ ወዲህ መሰላሌን ሳቆም ከየበሩ የሚወጡት ጎረቤቶች የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ሊፈርስ ነው እንዴ?» የለም፣ ሊሸጥ ነው ስላቸው ፊታቸው ይፈታል። ከተማ ሲለወጥ ካሜራ ከአፍራሹ ቀድሞ መምጣቱ የእኛ ብቻ ታሪክም አይደለም። ፓሪስ በአስራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በባሮን ኦስማን እጅ ስትፈርስና ስትሠራ፣ የከተማው አስተዳደር ሻርል ማርቪል የተባለ ፎቶ አንሺ ቀጥሮ ሊፈርሱ የተወሰነባቸውን ጠባብ መንገዶችና ቤቶች አስነስቷል። ከ400 በላይ ምስሎች ናቸው። መንገዶቹ የሉም፤ የእርጥብ ድንጋዩ ንጣፍ ግን በማርቪል ምስሎች ላይ ዛሬም ያብረቀርቃል። ለእኛ ሠፈሮች ማርቪል አልተቀጠረላቸውም። ብዙዎቹ ያላቸው ምስል ለሠርግና ለልደት በተነሳ ፎቶግራፍ ጀርባ በድንገት የገባ ግድግዳ፣ ወይም ለሽያጭ ተብሎ በቴሌግራም የተለቀቀ የአንድ ጠዋት ፊት ብቻ ነው።

ስለዚህ ውጩ ለካሜራ፣ ውስጡ ለቄስ ይሁን፤ አልቃወምም። የቤትን ምሥጢር የሚያውቀው የኖረበት ነው። ነገር ግን ውጩም ቢሆን ምስክርነት ነው፤ ምስክር ደግሞ ካባ ለብሶ ቢቀርብ አያስነውረውም፣ ቃሉን ቢለውጥ እንጂ።

ውድ አንባቢዎች፣ ቤታችሁን የምትሸጡትም የማትሸጡትም፣ አንድ ጠዋት አስነሱት። ፀሐይዋ ደጃፋችሁ ላይ በስንት ሰዓት እንደምትደርስ እናታችሁን ጠይቁ። ከመሰላል ወይም ከጎረቤት በረንዳ ላይ ቁሙ፤ ካሜራውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ከቻላችሁ ሁለት ጊዜ አንሱት፤ አንዱን ጠርጋችሁ፣ ሌላውን እንዳለ። ከዚያም አሳትማችሁ፣ ከጀርባው ቀኑንና የሠፈሩን ስም ጻፉበት።